ሁለት ቁጥር በር

ዕፀገነትን ጉድ የሠራት ምላሷ ነው። ኧረ በሞቴ፣ ለጽሕፈት የተቀጠረች ልጅ በስብሰባ መሀል፣ ያውም ሥራ አስኪያጁ ፊት፣ «እኔ እሠራዋለሁ» ትላለች? አለች! ብላ ስታበቃ ራሷም ደነገጠች፤ ግን ከአፍ የወጣ ነገር መቼ ተመልሶ ያውቃል።

ነገሩ የሆነው በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ውስጥ ነው። አቶ ገብረሰንበት የሚባሉ የአዲግራት ሰው ቦሌ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት አላቸው። መጋዘናቸው ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ ነው። መንገዱ በመኪና ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ግን «የእገሌ ዕቃ ገባ ወይ?» በተባለ ቁጥር አንድ ሰው ወረቀቱን ብብቱ ስር ሸጉጦ ታክሲ ይጋፋል። ደንበኛው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ይደግማል፣ ይናደዳል። አቶ ገብረሰንበት አንድ ቀን በቃኝ አሉ። ቢሮውንና መጋዘኑን በኮምፒውተር ላገናኝ ብለው ፍሬም ሪሌይ የተባለውን አዲስ መስመር አስገቡ፤ መልእክት ተቀብለው የሚያሳልፉ፣ ራውተር የሚባሉ ሁለት ሣጥኖችም ከውጭ አስመጡ። አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለመጋዘን። ሊገጥማቸው የተቀጠረው ቴድሮስ የሚባል ባለሙያ ግን ሣጥኖቹን ከካርቶናቸው አውጥቶ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ፣ ሌላ ቤት ሥራ አገኘና ሄደ። ቻው እንኳ አላለም!

መጽሐፉን ያነሣችው ዕፀገነት ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አራቱን የአቶ ገብረሰንበትን ደብዳቤ ስትጽፍ ነው ያሳለፈችው። ሰው ምሳ ሲወጣ እሷ ቦንቦሊኖዋን እየገመጠች ገጽ ትገልጣለች። መጀመሪያ የጀመረችው እንዲያው ቢሰለቻት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ያዛት። እዚህ ቁጭ ብላ የምትጽፈው ትእዛዝ ማዶ ያለውን ሣጥን እንደሚያናግር ስታስብ የያዘችውን ቦንቦሊኖ ትረሳዋለች። በሦስተኛው ወር መጽሐፉን ጨርሳ እንደገና ጀመረችው። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልጠየቃትም።

ማክሰኞ ዕለት በስብሰባው ላይ አቶ ገብረሰንበት «ከናይሮቢ ባለሙያ ላስመጣ ነው» ሲሉ ነው እንግዲህ ያቺ ምላስ ያመለጠቻት።

አቶ ገብረሰንበት መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«ጓለይ» አሉ፤ ሴት ልጅን ሁሉ በአገራቸው ቋንቋ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ቀልድ ነው?»

«አይደለም፣ አቶ ገብረሰንበት። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።»

«እኔም መጽሐፍ ቅዱስ አንብቤያለሁ፤ ቄስ ግን አልሆንኩም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ትንሽ አሰቡ።

«መልካም» አሉ። «ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት አቶ ሙዘሚል እዚህ ይመጣሉ። ያን የሚያህል አስመጪ ዕቃውን ሁሉ እኛ ጋ ላድርግ ወይስ ሌላ ጋ ብሎ የሚወስነው ያን ቀን ነው። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጋዘን ያለ ዕቃቸውን በስክሪን ማየት አለባቸው። ካሳየሻቸው የኔትወርኩ ኃላፊ አንቺ ነሽ። ካላሳየሻቸው የናይሮቢው ሰው ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን ላይ ነው። አንቺም ወደ ጽሕፈትሽ፤ ሁለተኛ ስለ ሣጥን አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና «እሺ» አለች። ፊቷ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። እንዴት አትስቅ! ሦስት ወር ሙሉ በዓይኗ ብቻ የነካችውን ሣጥን በእጇ ልትነካው ነው።

ረቡዕ ማለዳ የመጋዘኑን ራውተር ታቅፋ ወረደች። የመጋዘኑ ኃላፊ እትዬ ማሚቱ ናቸው። ሃምሳውን የዘለሉ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ የቁልፍ ዘለላቸው ከወገባቸው የማይወርድ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖሩ አንዲት ካርቶን ያለ ወረቀት ያላስወጡ ሴት። እንግሊዝኛ አልተማሩም፤ ነገር ግን በየሣጥኑ ጎን የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ከማንም ቀድመው ይለቅሙታል። ራውተሩን አገላብጠው አይተው፣ መለያ ቁጥሩን በጣታቸው ተከትለው፣ ፈርመው ተረከቡ።

ዕፀገነት ገመዶቹን ሰካች። ራውተሩ የተቀመጠው የመጋዘኑ ጸሐፊ የሐዱሽ ኮምፒውተር አጠገብ ነውና፣ ከእሱ ጋር በሰማያዊ ገመድ አያያዘችው፤ በኮምፒውተሩ ቁልፎች ለራውተሩ ትእዛዝ የሚገባው በዚያ ነው። የሚጻፈውን ጻፈች። ውሃ ጠጥታ ስትመለስ ራውተሩ ዳር ዳሩ አበባ የተሠራበት ነጭ ዳንቴል ለብሷል።

«እትዬ ማሚቱ! ይታፈናል እኮ፤ መተንፈሻው በጎኑ ነው!»

«ውይ፣ ይተነፍሳል እንዴ?» ዳንቴሉን ገፈፉና ሣጥኑን በጥርጣሬ አዩት። «ውድ ዕቃ ነው ብዬ፣ አቧራ እንዳይነካው እንጂ። የፈረምኩት እኔ አይደለሁ?»

አሁን ቁጥሮቹን ልንገራችሁ፤ መከራው ሁሉ ከእነሱ ነው። የስልክ መሥሪያ ቤቱ የመስመር ክፍል በሰጣቸው ወረቀት ላይ «ቢሮ፦ 40፤ መጋዘን፦ 50» ይላል። ከየራውተሩ የሚወጣው ሽቦ አንድ ነው፤ በሽቦው ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ብዙ መንገዶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ እያንዳንዱም ቁጥር አለው። ራውተሩ «እገሌን ስትፈልግ በዚህ ቁጥር» ተብሎ ካልተነገረው መልእክቱን ይዞ ቆሞ ይቀራል። ዕፀገነት ይህን ስታነብ ደስ አላት። ይሄማ የእጇ ሥራ ነው! አራት ዓመት ሙሉ በየፖስታው ላይ የምታሰፍረው የተቀባዩን የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይደል? ስልክስ ቢሆን የሚደወለው የሰውየው ቁጥር አይደል? ስለዚህ የቢሮውን ራውተር «መጋዘንን ስትፈልግ 50» አለችው፤ የመጋዘኑን «ቢሮን ስትፈልግ 40» አለችው። አንድ ፊደል ያልተሳተበት፣ ፏ ያለ ጽሑፍ። ጸሐፊ አይደለች!

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገብታ ሞከረችው። ራውተሩ ማዶ ያለውን አምስት ጊዜ ይጣራል፤ መልስ ሲያገኝ ቃለ አጋኖ ይጽፋል፣ መልስ ሲያጣ ነጥብ። «በስመ አብ» ብላ ቁልፉን ተጫነች።

አንድ ነጥብ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት።

ደገመችው። አምስት ነጥብ። ሠለሰችው። አምስት ነጥብ፣ ተሰልፎ! የመንገዶቹን ሁኔታ አሳየኝ አለችው። ከ50 ቁጥር አጠገብ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ አለ፤ ተሰርዟል ይላል። ሐሞቷ ፈሰሰ። መስመራቸውን ሰርዘውባቸዋል ማለት ነው! ስልኩን አንሥታ የመስመር ክፍሉ ዘንድ ደወለች።

«ለምንድን ነው የሰረዛችሁብን?»

ያነሣው አቶ ላጲሶ የሚባል ቴክኒሻን ነው፤ ድምፁ የተረጋጋ። «እመቤት፣ እኛ ጋ አርባም ሃምሳም በሕይወት አሉ።»

«እኔ ጋ ሃምሳ ሞቷል!»

«እኛ ጋ አልሞተም።»

እስከ ማታ ድረስ አራት ጊዜ ደወለች። በአራተኛው አቶ ላጲሶ «እመቤት፣ ሃምሳን ዛሬ ስድስት ጊዜ አየሁት፤ ከእኔ የተሻለ ጤና አለው» አላት። አቶ ገብረሰንበት በበሩ ባለፉ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው «እህስ?» ይላሉ። «ትንሽ ነው የቀረው» ትላለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ምን እንደቀረ ግን አታውቀውም።

ዓርብ ጠዋትም ያው ነው። ገመዱን ነቀለች፣ ሰካች። የጻፈችውን ሁሉ አጥፍታ እንደገና ጻፈችው፤ ያንኑ፣ ያለ አንዲት ስሕተት። አይ ዕፀገነት! የተሳሳተን ነገር አሳምሮ መጻፍ እንዴት ያለ ልፋት ነው! አምስት ሰዓት ላይ አቶ ገብረሰንበት ጠሯት። ስለ ራውተሩ መስሏት በሩጫ ገባች።

«ወረቀትና ብዕር ይዘሻል? ፋክስ ነው» አሏት።

ለናይሮቢው ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንዲነሣ፣ ሆቴል እንደተያዘለት፣ ኤርፖርት ሰው እንደሚጠብቀው። ጸሐፊዋ እሷ ናትና የምትጽፈው እሷ ናት። ተቀምጣ ጻፈችው። «አስቸኳይ» ከሚለው ቃል ስር ሁለት መስመር አሰመረች፣ እንደ ሁልጊዜው። አቶ ገብረሰንበት ፈረሙበትና «ፋክሱ አጠገብ አስቀምጪው፤ ዘጠኝ ሰዓት አይተን እንልከዋለን» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያሳረራት። ወረቀቱን ስታስቀምጥ የገዛ ውድቀቷን በገዛ እጇ የተየበች መሰላት።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ላይ ሳለ፣ መጋዘን ደወለች። የቀራት ነገር የራውተሩን መብራት ሁኔታ መጠየቅ ብቻ ነው።

«እትዬ ማሚቱ፣ እባክዎ መብራቷን ይዩልኝ። አረንጓዴ ናት?»

«አረንጓዴ ናት፣ ቁልጭ ቁልጭ ትላለች። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«አለቀልኝ፣ እትዬ ማሚቱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ…»

«ቆይ አንዴ፣ የኔ ልጅ!» አሉና እትዬ ማሚቱ አፋቸውን ከስልኩ ሳያርቁ ጮኹ። የዕፀገነት ጆሮ ሊበጠስ ነበር። «ሽፈራው! የናዝሬቱ በሁለት ቁጥር በር ነው አልኩህ! በሁለት! የአዋሳው ነው በአንድ!»

ሽፈራው የተሸካሚዎቹ አለቃ ነው። ከሩቅ «በሁለት፣ ተቀብያለሁ!» ሲል ይሰማል። ዕፀገነት ለምን እንደጠየቀች እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ የማያገባውንም ይጠይቃል።

«ናዝሬት ያለው መጋዘን ሁለት ቁጥር በር አለው እንዴ?»

«እኔ ስለ ናዝሬት በር ምን አገባኝ!» አሉ እትዬ ማሚቱ። «ለሽፈራው የምነግረው የራሴን በር ነው። በሁለት ካወጣው የናዝሬቱ መኪና እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ያደርስለታል። ናዝሬት ሲገባ በስንት ቁጥር በር እንደሚገባ የናዝሬቱ ዕቃ ቤት ይወቅ። የሰው በር ቁጥር ብነግረው ሽፈራው እዚህ ምን ሊፈልግ ነው? ሲዞር ሊውል ነው!»

ዕፀገነት ከወንበሯ ተነሣች። ስልኩን እንደያዘች ዓይኗን የመስመር ክፍሉ ወረቀት ላይ ተከለች። የራስ በር! «ቢሮ፦ 40» ማለት ቢሮውን ለማግኘት የሚጻፍ ቁጥር አይደለም፤ ቢሮው ራሱ የሚወጣበት በር ነው! ሁለት ቀን ሙሉ የቢሮውን ራውተር በማዶ በር ውጣ ስትለው ከርማለች። እሱ ምስኪን ደግሞ «50 የሚባል በር እዚህ የለም» እያለ ሲነግራት፣ እሷ አቶ ላጲሶን ታስጨንቃለች። ፖስታ አይደለም! ስልክም አይደለም! ጭነት ነው!

«እትዬ ማሚቱ፣ እወድዎታለሁ!» ብላ ጮኸች።

«ምነው፣ ምሳ አልበላሽም?»

ስልኩን ሳትዘጋ ቁልፎቹ ላይ ወረደችባቸው። 50ን አወጣች፣ 40ን አስገባች። ሁኔታውን ጠየቀች። ከ40 አጠገብ ሕያው የሚል ቃል ቁልጭ ብሎ ወጣ። በለው! ቢሮው በኩል ያለው በር ተከፈተ። ግን የመጋዘኑም ራውተር ያንኑ ስሕተት ተሸክሟል፤ እሱ ካልታረመ መልስ የሚመልስ የለም። ሄዶ ማረም ነው፤ ሃያ ደቂቃ መንገድ፣ ምን ችግር አለው! ቦርሳዋን ነጥቃ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

አስፋልቱ ባዶ ነው። አንድ መኪና የለም፤ ዳር ዳሩን ፖሊስ ቆሟል።

«ወንድም ጋሼ፣ ታክሲ የት ነው?»

«የውጭ አገር እንግዳ ይገባል፣ መንገድ ተዘግቷል። ተመለሺ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪገቡ።»

«በእግሬስ ብሻገር?»

ፖሊሱ በእጁ ወደ ኋላ አሳያት። ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። ስምንት ሰዓት ከሩብ። ስልኩን አነሣች።

«እትዬ ማሚቱ፣ ሐዱሽን ያቅርቡልኝ።»

«ሐዱሽማ ለቅሶ ሄዷል፣ ኮተቤ። የአጎቱ ሚስት አርፋለች።»

«ሌላ ኮምፒውተር የሚችል ማን አለ?»

«ማን አለ? እኔና ተሸካሚዎቹ ነን።»

ዕፀገነት ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከፈተችው። «እንግዲያው እርስዎ ይጽፉታል» አለች።

«እኔ? ኧረ ተይ አንቺ ልጅ። ዕቃ አበላሽቼ በዕድሜዬ ልጠየቅ ነው?»

«እትዬ ማሚቱ፣ የሣጥን ፊደል ያነቡ የለ? ያው ፊደል ነው። እኔ አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ እርስዎ ፈልገው ይጫኑ። ከተበላሸ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ካልተጻፈ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀልኝ።»

እትዬ ማሚቱ በረዥሙ ተነፈሱ። «ይሁን ልጄ። ግን የስልኩ ገመድ እዚያ ድረስ አይደርስም።»

ገመዱ አይደርስም! ኮምፒውተሩ በአንድ ጥግ፣ ስልኩ በሌላው ጥግ፣ በመካከል አሥራ አምስት እርምጃ። ይህን የፈታው ሽፈራው ነው። ስልኩን ከእትዬ ማሚቱ ተቀበለና «እመቤት፣ አንቺ ለእኔ አቀብዪኝ፣ እኔ ለእሳቸው አቀብላለሁ፤ ጭነት አይደል?» አላት። ሽፈራው ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ ፊደሉን ያውቀዋል። ተሸካሚዎቹ ዘንድ ደግሞ አንድ ደንብ አለ፤ አቀባዩ ይጠራል፣ ተቀባዩ ደግሞ ጠርቶ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ሳይባል ሁለተኛው ካርቶን አይነሣም። አንድም ዕቃ ጠፍቶባቸው የማያውቀው በዚህ ነው።

ተጀመረ። ዕፀገነት መጀመሪያ የድሮውን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ልታስጽፍ ነው።

«ኤን!» አለች።

«ኤን!» አለ ሽፈራው ወደ መጋዘኑ።

ከሩቅ፣ ቁልፉን ፈልገው ሲያገኙ፣ የእትዬ ማሚቱ ድምፅ መጣ። «ኤን፣ ተቀብያለሁ!»

«ኦ!»

«ኦ!»

«ኦ፣ ተቀብያለሁ! ኖ ሆነ! ኖ ማለት አይሆንም አይደል? ማንን ነው አይሆንም የምለው?»

«አርባን! አርባን አይሆንም ይበሉት!» ዕፀገነት ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ። «ረጅሙን ቁልፍ! ከዚያ ኤፍ!»

«ረጅሙን! ኤፍ!»

«ኤፍ፣ ተቀብያለሁ!»

«አር!»

«አር፣ ተቀብ… ውይ! ውይ! አር አራት ሆና ወጣች!»

«ጣትዎን ቶሎ ያንሡ፣ አይጫኑት! ሦስቱን ያጥፉ፣ ወደ ግራ የሚያሳየው ቀስት ያለበት፣ ከላይ ጥግ!»

ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። ፊደል በተጠራ ቁጥር ሦስት አራት ድምፅ አብሮ ይጮኻል። ዕፀገነት እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ በባዶው አስፋልት ላይ የሚሰማ እስኪመስል ትጮኻለች። ምሳ የሄዱት ባልደረቦቿ ተመልሰው በር ላይ ቆመዋል። ማንም አልሳቀም። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ የድሮው ጠፋ። አዲሱ ተጀመረ። «አምስት!» «አምስት፣ ተቀብያለሁ!» «ዜሮ!» «ዜሮ፣ ተቀብያለሁ!»

«አሁን የመጨረሻው ነው» አለች፣ ድምጿ ሰልሎ። «ደብልዩና አር። ይሄ መፈረም ማለት ነው በላቸው። ካልተፈረመበት መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳዋል።»

ሽፈራው አስተላለፈ። በዚህ ጊዜ መልሱ ሳይዘገይ መጣ። «ፈርሜያለሁ!»

ዕፀገነት ወደ ራሷ ኮምፒውተር ዞረች። ቁልፉን ተጫነች። የመጀመሪያው ነጥብ ወጣ። ከዚያ ቃለ አጋኖ። ቃለ አጋኖ! ቃለ አጋኖ! ቃለ አጋኖ! ደገመችው፤ አምስቱም ቀጥ ብለው ቆሙ፣ አንድ ነጥብ የለባቸውም!

«መጣ! መጣ! እትዬ ማሚቱ፣ መጣ!»

በስልኩ ውስጥ መጋዘኑ በእልልታና በፉጨት ሲናጥ ተሰማ፤ እትዬ ማሚቱም ስልኩን ከሽፈራው ተቀበሉ። ዕፀገነት ዞር ብላ ያገኘችውን ሰው አቀፈች፤ ስታየው አቶ ገብረሰንበት ናቸው። ከኋላቸው ነጭ ቆብ ያደረጉ ረጅም ሰው ቆመዋል። አቶ ሙዘሚል ጁምዓ ሰግደው፣ መንገድ ቢዘጋባቸው መኪናቸውን ጥለው፣ አስፋልቱን ሳይሻገሩ በውስጥ ለውስጥ በእግራቸው መጥተው ኖሯል። ሩብ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆመው ይህን ሁሉ አይተዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ዕፀገነት፣ አቶ ገብረሰንበትን ለቃ።

«ዕቃዬን አሳዪኝ» አሉ አቶ ሙዘሚል።

ቁጭ አሉ። ዝርዝሩ ከመጋዘኑ ኮምፒውተር መጥቶ ስክሪኑን ሞላው፤ የሙዘሚል ብርጭቆ፣ የሙዘሚል ምንጣፍ፣ ካርቶን በካርቶን፣ የገባበት ቀን ሳይቀር። አቶ ሙዘሚል ከላይ እስከ ታች አዩት። ነጋዴ ናቸውና ዓይናቸውን ብቻ አላመኑም።

«ይሄ ትናንት እዚሁ የተጻፈ ቢሆንስ? ስልኩን ስጪኝ።» ተቀበሉና «ሴትዮ፣ ሙዘሚል ነኝ። ከብርጭቆዬ አንድ ካርቶን አሁን በር ላይ አውጪልኝ፣ እዚህ ሲቀነስ ልየው» አሉ።

የእትዬ ማሚቱ መልስ ለሁሉም ተሰማ። «ሙዘሚልም ይሁኑ ሌላ፣ ያለ ወረቀት አይወጣም!»

አቶ ገብረሰንበት ግንባራቸውን ያዙ። አቶ ሙዘሚል ግን ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ወላሂ፣ ዕቃዬ እዚያ መሆኑን አሁን አመንኩ» አሉ። «ውሉን አምጡት።»

አቶ ገብረሰንበት እንግዳቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ሊገቡ ሲሉ የዕፀገነት ስልክ ጮኸ። አነሣችው። በእንግሊዝኛ የሚናገር ጎርናና ድምፅ ነው፤ የናይሮቢው ሰው። ፋክስ ሲጠብቅ ቆይቶ ቢቀርበት፣ ነገ ልነሣ ወይስ ልተው ብሎ ነው የደወለው። ዕፀገነት የስልኩን አፍ በእጇ ይዛ አቶ ገብረሰንበትን አየቻቸው።

«አንቺ ንገሪው» አሉ። «የኔትወርኩ ኃላፊ አንቺ አይደለሽ?»

መስመሩ መሥራቱን፣ መምጣት እንደማያስፈልገው ነገረችው። ሰውየው «ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ልትዋሽ አሰበች፤ ባለሙያ ፊት ማን መዋረድ ይወዳል? ግን ደስታው ልቧን ሞልቶት ለውሸት ቦታ አልተረፈም።

«የማዶውን ቁጥር ነበር የጻፍኩት» አለችው። «ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

ሰውየው ሳቀ።

«እኔም መጀመሪያ ስገጥም የማዶውን ነበር የጻፍኩት» አለ። «አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በአሥራ ሁለተኛው አለቃዬ ከጆሃንስበርግ ሰው አስመጣብኝ። ሰውየው በሁሉም ፊት በአሥር ደቂቃ ጨረሰው። እኔን ለሁለት ዓመት ሣጥን እንዳልነካ አደረጉኝ። ስለዚህ አንቺ ላይ ሳልመጣብሽ በመቅረቴ ደስ ብሎኛል። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ኢንጂነር።»

ዕፀገነት አመሰግናለሁ አለችው። ስልኩን ስታስቀምጥ አቶ ገብረሰንበት በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ምን አለ?» አሏት።

«አልመጣም ነው ያለው» አለች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።